እምቢ ለመባል ሳን ሆዜ ሄድን

ስልኩ ሲጠራ የኦክላንድ ወደብ በር ላይ ኮንቴይነር ልጭን ተሰልፌ ነበር። ሰልፉ እንደ ልማዱ ንቅንቅ አይልም፤ ከፊቴ ያለው ሹፌር ወንበሩን አጋድሞ እንቅልፉን ይለጥጣል። የደወሉልኝ አሜሪካ ስገባ ቤታቸው አስጠግተው ያኖሩኝ አባት ናቸው። ያኔ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

«ሽማግሌ ሁነኝ» አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ።

«ማንን ከማን ላስታርቅ አባባ?»

«አስታርቅ ማን አለህ? ሚስት ጠይቅልኝ!»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ወሩ ግን ገና ግንቦት ነበር። እኔ አርባ ዓመት እንኳን በቅጡ አልሞላኝም። በሕይወቴ ለሽምግልና የቀረብኩት ሁለት ጓደኞቼ ፓርኪንግ ውስጥ ሲደባደቡ መሃል ገብቼ ሸሚዜ የተቀደደ ዕለት ብቻ ነው። ያሳደገ አባት የመሰለ ሰው ሲለምን ግን እምቢ አይባልም።

ሚስት ትሆናለች የተባለችው ሳን ሆዜ ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ሰባን የተሻገሩ የአዲስ አበባ እናት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗል። የተዋወቁት ዩኒየን ሲቲ ለቅሶ ቤት ነው። በዚህ አገር በዕድሜ የገፋ ሰው እኩያውን የሚያገኘው ወይ ለቅሶ ወይ ክርስትና ላይ ነው። ያን ዕለት ደግሞ ለክብራቸው ተብሎ ሁለቱንም አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ሶፋው በጣም ዝቅ ያለና ለስላሳ ስለነበር አንዴ ከሰመጡበት በኋላ ያለ ሰው እርዳታ መነሣት አልቻሉም። የሚያነሣቸው ሰው እስኪመጣ ሲጫወቱ ቆዩ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በስልክ ቀጠለ፤ አንድ ቀን አባባ በዚያው ስልክ «ለምን አንጋባም?» ብለው ቁጭ አሉ። እማማም «ሽማግሌ ይላኩ፤ ልጄን ያስጠይቁ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

አባባን ያናደዳቸው ይኼ ነበር። «በእኔ ጊዜ የቀረ ነገር ነው እኮ!» አሉኝ።

ስለዚያ «ጊዜ» አውርተው አይጠግቡም። አስመራ ነው የተወለዱት። የዓለም ጦርነት አልቆ፣ ጣልያን ተሸንፎ እንግሊዝ አገሩን ሲያስተዳድር እሳቸው ጎረምሳ ነበሩ። ሠራዊቱ ትቶት የሄደው ዕቃ ሁሉ ገበያ ወጣ ይላሉ፤ ካፖርቱ፣ ቦቲው፣ ጀሪካኑ፣ የድንኳን ሸራው። ሸራው ሱሪ ሆነ፤ ያረጀው የመኪና ጎማ ጫማ ሆነ። ለሐበሻ ክልክል በነበረው ትልቁ መንገድ እነሱ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው፣ ፀጉራቸውን በቅባት ለጥፈው ተንሸራሸሩበት። ሲኒማ ተገባ፤ ጋዜጣ ተነበበ፤ ማኅበር ተቋቋመ። ትናንት ጌታ የነበረው ጣልያን ብስክሌት ሲጠግን ታየ። እንግዲህ ይኼ ሁሉ ከተገለበጠ ሽማግሌ መላክ ለምን ይቀራል ብለው ዛሬ በሕይወት የሌሉትን የመጀመሪያ ሚስታቸውን ሊጠይቁ ራሳቸው ሄዱ። በልካቸው ያልሆነ የእንግሊዝ ወታደር ካፖርት ለብሰው አባቷ ደጅ ቆሙና «ልጅዎን እወዳታለሁ» አሉ። አባትየው አልመለሱላቸውም፤ ውሻ ፈቱባቸው። የካፖርቱ ጅራት እዚያው ውሻው አፍ ውስጥ ቀረ፤ እሳቸውና ልጅቷ ግን ሳምንት ሳይሞላ አዲስ አበባ ገቡ።

«ታዲያ ያኔ ያልላኩትን አሁን ሊልኩ ነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አንድ ቃል ሳልናገር መሽቶ የሚነጋበት ቀን አለ። እሷ ሽማግሌ ካለች ሽማግሌ ነው። ብቻ ቶሎ በል» አሉኝ። ይኼን ሲሉ ድምፃቸው ስለተለወጠ ቀልዴን ዋጥኩት።

ችግሩ ማን ይሂድ የሚለው ሆነ። ከእሳቸው የሚበልጥ ሰው ፈልገን አጣን፤ በዕድሜ የሚበልጧቸው ወይ ሞተዋል ወይ መኪና ውስጥ መቀመጥ አይችሉም። በመጨረሻ ሪችመንድ ትንሽ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ተገኙ። ሐጂ የአስመራ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው። እስላም ለክርስቲያን ጋብቻ ሽማግሌ ይሆናል ወይ ብዬ ስጠይቅ አባባ «ኳስ በጨርቅ ጠቅልለን ስንጫወት ሃይማኖታችንን ማን ጠየቀን?» ብለው ገሠጹኝ። ሦስተኛ ሰው ሲጠፋ ደግሞ ራሳቸው ሊገቡ ፈለጉ።

«ከእኔ የተሻለ ሽማግሌ ከየት ታመጣላችሁ?» አሉ።

«አንተ ሙሽራው ነህ!» አሉ ሐጂ። «ሙሽራ የራሱ ሽማግሌ ሲሆን የት አይተሃል?»

ሐጂ ወግ አጥባቂ ናቸው። አባባ ከጦርነቱ በኋላ ያፈረሱትን ሁሉ እሳቸው አንድ በአንድ እንደ ጡብ ሲለቅሙ የኖሩ ይመስለኛል። በመንገድ ላይ ሕጉን አስጠኑኝ። ጉዳያችሁ ሳይሰማ አትቀመጥም፤ የቀረበልህን አትቀምስም፤ የመጀመሪያው ቀን መልስ እምቢ ነው፤ ሁለተኛውም ቢሆን «ዘመድ እናማክር» ነው። ሳይከፋቸው እምቢ የሚሉት ሴቲቱ ደጅ የወደቀች እንዳልሆነች ለማሳየት ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉኝ። አባባ ከኋላ ወንበር፣ ክራባታቸውን እንዳሰሩ፣ «እንቁላሉ እስኪሄድ እኔ እሞታለሁ» አሉ። መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ ብለው ምለው ነው አብረውን የመጡት። ከቤቱ ጥግ ላይ፣ ዛፍ ሥር አቆምኳቸው።

በሩን የከፈተችው ልጅየዋ ናት። ሐኪም ቤት ነርስ ነች፤ ከሥራ መግባቷ ስለሆነ ዩኒፎርሟን አላወለቀችም። እማማ የሉም፤ በወጉ መሠረት ጓዳ ናቸው። ምንጣፉ ላይ ላፕቶፕ ይዛ የተጋደመች የእማማ የልጅ ልጅ አለች።

«ቁጭ በሉ እንጂ!»

«ለቁም ነገር ነው የመጣነው። ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ሐጂ፣ ጣሪያውን እያዩ።

ልጅቱ ቀና አለችና «ማሚ፣ አር ዘይ ኮፕስ?» ብላ ጠየቀች፤ ቆመን ስታይ ፖሊሶች መስለናት።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ዘር፣ ስለ ክብር፣ ስለ ትዳር ብዙ ተናገሩ። «ስለዚህ እናትሽን ለልጃችን እንድትሰጭን…» ሲሉ «ልጃችን» የሚለው ቃል ላይ ትንሽ አሳላቸው። ልጅየዋ ግን እስኪጨርሱ አልጠበቀችም።

«ኦ፣ የኦክላንዱን አባባ ነው? ማሚ ነግራኛለች እኮ! እሷ ሃፒ ከሆነች እኔ ምንም ፕሮብሌም የለኝም። ኦኬ ነው። የሠርጉን ዴት ብቻ ቀደም ብላችሁ ቴክስት አድርጉልኝ፣ የሥራ ስኬጁሌን ማስቀየር አለብኝ።»

ሐጂ ለሦስት ቀን ያዘጋጁት ንግግር ሆዳቸው ውስጥ ነው።

«ዘመድ… አታማክሪም?»

«የምን ዘመድ ሐጂ? እኔ፣ እሷና ይህቺ ልጅ ነን። በቃ ተቀመጡ፣ ሻይ ላፍላ።»

ሻዩን ጠጥተን ወጣን። አባባ መኪና ውስጥ መስኮቱን አውርደው አንገታቸውን አስግገዋል።

«አባረሯችሁ?»

«ሰጡን» አልኩ።

«እንዴት ሰጡ?»

«ኦኬ አለች።»

ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጨፈገገ። ሽማግሌ መላክ ኋላ ቀርነት ነው ሲሉ የነበሩት ሰውዬ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ምን ቢኖርባት ነው እንዲህ የተቻኮሉት?» አሉኝ። እስከ ሄይዋርድ ድረስ ስስቅ ነበር። ሐጂ ግን አልሳቁም፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ።

ሐጂ ትክክል ነበሩ። በነጋታው እማማ ደወሉልኝ።

«ነገሩ ቀርቷል ልጄ። ለአባባ ንገርልኝ።»

«ምነው እማማ? ልጅዎ እሺ ብላለች እኮ!»

«እሱ ነዋ! አሮጌ ቴሌቪዥን ‹ፍሪ› ብለው ጽፈውበት መንገድ ዳር እንደሚያወጡት አወጣችኝ። አንድ ቃል እንኳን አልወጣትም። ምነው፣ ይህን ያህል ሸክም ሆኜባታለሁ?»

እንደ ሁልጊዜው ወደቡ ላይ ተሰልፌ ስለነበር ጊዜ ሞልቶ ተርፎኛል። እሳቸው የልጅነታቸውን ነገሩኝ። ጠላት አገሩን ሲወር አባታቸው እሳቸውን በአንቀልባ ትተው በረሃ ገቡ፤ ሲመለሱ እሳቸው የምትሮጥ ልጅ ሆነው ጠበቋቸው። የተመለሱት ሰውዬ አይናገሩም። ሆድ ይፍጀው ብለው የኖሩትን ሁሉ እንደያዙ ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ። አዲስ አበባ ያኔ በየቀኑ ትለዋወጥ ነበር፤ አደባባይ ላይ ራዲዮ ይሰማል፣ ሴት ልጅ ትማር ተብሏል፣ ቢሮ የምትሠራ ሴት ታይታለች ተብሎ ሰፈሩ ወሬ ይቀባበላል። አባትየው ማንንም ሳያማክሩ ልጃቸውን ትምህርት ቤት አስገቡ። ልጅቷ አንደኛ ወጣች። «ጎበዝ» አላሏትም። ሁለተኛም ዓመት አንደኛ ወጣች፤ አባትየው ሰርተፍኬቱን አይተው አጥፈው መለሱላት።

«ከዚያ ሽማግሌ መጣ» አሉኝ እማማ። «በር ኋላ ቆሜ እሰማለሁ። አባቴ ሽማግሌዎቹን ምን አላቸው መሰለህ? ‹በረሃ ሳለሁ በሕይወት ያቆየችኝ የዚህች ልጅ ፊት ናት። ጠግቤ ሳላያት ልስጣችሁ?› አላቸው። ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ከአባቴ የሰማሁት ይኼንን ብቻ ነው። እሱም ለኔ አልነገረኝም፤ ለሰው ሲናገር ሰማሁት።»

ከፊቴ ያሉት መኪኖች ተንቀሳቅሰው ኖሯል፤ ከኋላዬ ያለው ሹፌር ክላክሱን ሲያንባርቅ ነው የነቃሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሽምግልናን የማየው ቆሞ የመዋልና የመግደርደር ትርዒት አድርጌ ነበር። ለካ እነዚያ ፍቅራቸውን ፊት ለፊት መናገር የማይሆንላቸው ሰዎች የሚናገሩበት ቀን ነው፤ እምቢ በማለት ሰበብ። ልቤ ተነካ፤ አልደብቅም።

ለልጅየዋ ደወልኩና የእናቷን ቅሬታ ነገርኳት።

«ኖ ብላት ትቀየማለች፣ ዬስ ስላት ትቀየማለች!» አለች ተቆጥታ። «ምን ልበላት ታዲያ?»

«ለእሳቸው ምንም አትበዪ። እኛን እምቢ በይን። ተመልሰን እንመጣለን።»

«እምቢ ለመባል ከኦክላንድ ትመጣላችሁ?»

«ሐጂ ከሪችመንድ ነው የሚመጡት።»

«ምን እንደምል ቴክስት አድርግልኝ፣ ላጠናው» አለችኝ። «ዘመድ እስክናማክር ጊዜ ስጡን» ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩላት። ለአባባ ስነግራቸው ደግሞ ከመጀመሪያው የበለጠ ተደሰቱ፤ እምቢ ሊባሉ ነው ተብለው ፀጉራቸውን ተስተካከሉ። መንገዱን ሙሉ ስለ ቤታቸው አወሩልን። ብዙ ዓመት ወረፋ ጠብቀው ያገኙት፣ መስኮቱ ሐይቁን የሚያሳይ የአረጋውያን አፓርታማ ነው። እማማ የሚቀመጡበትን ወንበር ገዝተው በመስኮቱ በኩል አስቀምጠውታል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሳን ሆዜ በፀሐይ ነዳለች። አባባን ዛፉ ሥር ትተን ገባን። ልጅየዋ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ ደርባ ጠበቀችን። ሐጂ አስተያየታቸው ሁሉ ምስጋና ሆነ። ንግግራቸውን ከመጀመሪያው እንደገና አደረጉ፤ በዚህኛው ጊዜ አላሳላቸውም።

«ዘመድ… ዘመድ እስክናማክር ጊዜ ስጡን» አለች ልጅየዋ፣ ልክ ትምህርት ቤት ግጥም እንደምታነብ።

ሐጂ በደስታ ጢማቸውን ዳበሱ። በወጉ መሠረት መግፋት ነበረባቸው፤ ገፉ።

«ጊዜስ እንሰጣለን። ግን እንደው ብትሰጭን ምን ይጎድልብሻል እህቴ? ራስሽን የቻልሽ፣ ሥራ ያለሽ፣ ቤት ያለሽ ሰው ነሽ።»

ልጅየዋ ወደ እኔ አየች። ለዚህ የጻፍኩላት መልስ አልነበረም።

«ምን ይጎድልብኛል?» አለች። «ባሌ ትቶኝ ሲሄድ እናቴ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች። ለምን ሄደ ብላ አልጠየቀችኝም፤ እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም። ከሥራ ስገባ ሁሌ ነቅታ አገኛታለሁ። ‹ለጸሎት ተነሥቼ ነው› ትለኛለች። ጸሎት አይደለም፤ የጋራዡ በር ሲከፈት ሳትሰማ አትተኛም። ሥራ ቦታ ሰው ሲሞትብኝ እሷ ፊቴን አይታ ታውቃለች። ምን ይጎድልብኛል ትሉኛላችሁ? እሷ ከሄደች እኔ ወደ ማን ነው የምገባው?» ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። «በቀደም ቶሎ ኦኬ ያልኩት እኮ ሌላ ቃል ከጨመርኩ እምቢ ማለቴ ስለማይቀር ነው። አሁን እውነቱን ከፈለጋችሁ፣ አልሰጥም። እናቴን ለማንም አልሰጥም።»

ሐጂ ሽማግሌነታቸውን ረስተው «እውነትሽን ነው» አሉና ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። እኔ ምንጣፉን አያለሁ። እንደዚያ ያለ እምቢ ሰምቼ አላውቅም።

የጓዳው በር ተከፈተ። እማማ ወጡ፤ በወጉ መውጣት አልነበረባቸውም። ልጃቸው አጠገብ ሄደው ቆሙ፣ ነጠላውን ከፊቷ ገለጥ አደረጉ።

«ሰማሁ» አሏት። «አሁን ብትሰጭኝ ግድ የለኝም።»

«አልሰጥም አልኩ እኮ ማሚ!» አለች ልጅየዋ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

ሐጂ እጅጌዬን ጎትተው አወጡኝ። አባባ ላብ በላብ ሆነው፣ ክራባታቸውን ሳይፈቱ ተቀምጠዋል።

«እሺ? ጥሩ እምቢ ነው?» አሉ።

«የእውነት እምቢ ነው አባባ» አልኳቸው። ልጅየዋ ያለችውን ሁሉ ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«የሰው እናት ነው ለካ ልወስድ የነበረው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ስለ ወንበሩ ብቻ ሳስብ። ሂዱና ንገሯት፤ እናቷ የትም አትሄድም። የምመጣው እኔ ነኝ። እዚሁ ሰፈር አንዲት ክፍል ይፈለግልኝ።»

«ቤቱንስ? ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅከውን?» አሉ ሐጂ።

«ሐይቁን ሌላ ሰው ይየው።»

«በአንድ ቀን ሁለቴ ሽምግልና የለም!»

«እናንተ ካልሄዳችሁ እኔ እሄዳለሁ!» ብለው የመኪናውን በር ሊከፍቱ ታገሉ። የኋላው በር ልጆቼ እንዳይከፍቱት ከውስጥ የተቆለፈ ነበር፤ አባባ እጀታውን ይጎትታሉ፣ በሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ሐጂን ከእሳቸው ጋር ትቼ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ልጅየዋ ዓይኗ እንዳበጠ ከፈተችልኝ። የላኩኝን ቃል በቃል ነገርኳት።

«እሳቸው የት ናቸው?»

«መኪና ውስጥ።»

«በዚህ ሙቀት? በሰባ ስምንት ዓመታቸው? ለስንት ሰዓት? ውሃ ሰጥታችኋቸዋል?» እንደ ነርስ ጮኸችብኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ውስጥ ሮጠች፤ ብርጭቆ ውሃ ይዛ በካልሲ ብቻ መንገዱን አቋርጣ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ነኝ። የመኪናውን በር ከውጭ ከፈተችላቸው። ውሃውን እስኪጨርሱት ድረስ ብርጭቆውን ከሥር ደግፋ ቆመች።

«አባባ፣ ይውረዱ» አለቻቸው። «ቤት ይግቡ።»

አባባ ወረዱ። ለመግባት ክራባታቸውን ሊያስተካክሉ ሞከሩ፣ ግን ይበልጥ አጣመሙት። ልጅየዋ ባዶውን ብርጭቆ ለእኔ ሰጠችኝና ክራባቱን ራሷ አስተካከለችላቸው።